ቤንዚን ቆጣቢ ስለ ተባለ ዕቃ

ወጣቶች ሆይ፥ በመኪና ሞተር ላይ ትንሽ ዕቃ ቢጨመር ቤንዚን ይቆጥባል የሚለው ወሬ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በካናዳ በዊኒፔግ ከተማ ይኖር የነበረ ቻርልስ ኔልሰን ፖግ የተባለ ሰው ቤንዚኑን አስቀድሞ ወደ እንፋሎት የሚለውጥ ካርቡራተር አስቦ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1930 እስከ 1936 ድረስ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ወረቀት አወጣበት። በዚህ ዕቃ መኪና በአንድ ጋሎን 200 ማይል ይሄዳል ተብሎ ተወራ። ዕቃው ገበያ ሳይወጣ ቢቀር «የነዳጅ ነጋዴዎች ደበቁት» ተባለ። ነገር ግን ያ ወረቀት ማንም እንዲያነበው የተገለጠ ነው፤ የመብቱም ዘመን ካለፈ ቈይቷል፤ የሚሆን ቢሆን ኖሮ ሌላው አይሠራውም ነበርን?

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በደኅና ሞተር ውስጥ ሳይነድ የሚቀረው ቤንዚን እጅግ ጥቂት ነው፤ ብክነቱ ከነደደ በኋላ ሙቀቱ በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ሲወጣ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ከ100 በላይ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን መርምሮ ጥቂቶቹ ብቻ፥ እነርሱም በመጠኑ፥ ጠቅመው አገኘ።

እኔም ይህን ሳላውቅ በቤንዚን ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት ገዝቼ ነበር። የቀዳሁትን ሊትርና የሄድሁትን ኪሎሜትር ሦስት ወር በደብተር ብጽፍ ቍጥሩ አልተለወጠም። አሁን የልጅ ልጆቼ ምስማር ይለቅሙበታል።