ዜና ዋሊያዎች ዘ2005 ዓመተ ምሕረት፣ በወረታ የተጻፈ

ዓመተ ዓለም 7505፣ ዓመተ ምሕረት 2005፣ ወንጌላዊው ማቴዎስ። የኢትዮጵያ የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን በዚያ ዓመት የዘመተውን፣ ያገኘውንና ያጣውን እንጽፋለን። የምንጽፈውም በወረታ ነው፤ ርብና ጉማራ ፎገራን አጠጥተው ወደ ጣና በሚገቡበት አገር፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚለያዩበት ከተማ።

የነገሥታት ጸሐፊዎች ይህን አገር ያውቁታል። ንጉሥ ሠርፀ ድንግል በእንፍራንዝ ከርሟል፤ ጸሐፊዎቹም ንጉሡ በየትኛው ቀን እንደ ተነሣ፣ የት እንደ ሰፈረ፣ ማን እንደ ወደቀ ሳይሰለቹ ጽፈዋል። የኳስ ዘማቾች ግን እንዲህ ያለ ጸሐፊ አላገኙም። ጋዜጣ ውጤቱን በማግሥቱ ያትማል፤ በሳልስቱ ስኳር ይጠቀለልበታል። ያ ዓመት ግን በቀን በቀኑ ሊጻፍ የሚገባው ነው።

ዓመቱ ከመግባቱ አስቀድሞ ሐዘን ሆነ። በነሐሴ 10 ቀን 2004 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ዐረፉ፤ በነሐሴ 15 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትሩ የመለስ ዜናዊ ሞት ተነገረ። አገሩ ገና ከለቅሶ ሳይነሣ፣ በጳጉሜ 3 ቀን፣ ቡድኑ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ወደ ሱዳን ወረደ። ርብ ሞልቶ ሩዙ በውኃ ውስጥ የቆመበት ጊዜ ነበረ። ካርቱም ለወረታ ሰው ሩቅ አይደለችም፤ የመተማ መኪና በደጃችን ያልፋል። ከዚያ የመጣው ወሬ ግን መልካም አልነበረም፤ ሱዳን 5፣ ኢትዮጵያ 3። ይሁን እንጂ በሰው ሜዳ የገቡት ሦስቱ ጎሎች ከንቱ አልቀሩም፤ በደርሶ መልስ ሒሳብ እኩል ቢሆኑ በሰው አገር ብዙ ያገባ ያልፋልና። ሁለት ለባዶ ማሸነፍ ይበቃ ነበረ።

ዘመኑም ተለወጠ፤ ዮሐንስ ለማቴዎስ አስረከበ። በጥቅምት 4 ቀን፣ እሑድ፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም ተጋጠሙ። በፎገራ ውኃው መሸሽ ጀምሮ፣ ሩዙ አፍርቶ፣ ልጆች ወፍ ይጠብቁ ነበረ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ማሳው ጠባቂ አጣ። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። ከእረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ሳላሃዲን ሰኢድ ሁለተኛውን ጨመረ። አምስት ለአምስት ሆነና ኢትዮጵያ አለፈች። ከ1974ቱ የሊቢያ ዋንጫ ወዲህ ይህን ደጅ አልረገጠችም ነበርና፣ 31 ዓመት መሆኑ ነው። በ1974 ሩዝ ራሱ ለፎገራ እንግዳ ነበረ። ዛሬ ሩዝ አርሶ ልጅ የዳረ ጎልማሳ አገሩን በዚያ ዋንጫ ላይ አይቷት አያውቅም ነበረ ማለት ነው።

የቡድኑ መሪ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። ሳላሃዲን ከቤንሻንጉል፣ አዳነ ከሐዋሳ፣ ጌታነህ ከበደ ከዲላ የመጡ ናቸው፤ ዩሱፍ ሳላህ ከስዊድን፣ ፉአድ ኢብራሂም ከአሜሪካ መጥተው ተጨመሩ። ዋሊያዎች የሚለው የቡድኑ ስም ግን ከእኛ ወገን ነው፤ ዋሊያ ከዓለም ሁሉ በስሜን ተራራ ብቻ የሚኖር የጎንደር እንስሳ ነውና፣ የፎገራ ሰው ቡድኑን ሲጠራ ዘመድ እንደሚጠራ አድርጎ ነው።

ጥር ገባ። ሩዙ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ የመፈልፈያ ቤቶች ቀንና ማታ ይጮኹ ነበረ፤ ሰርገኛውም ብዙ ነበረ። ጥምቀት አለፈ፣ ቃና ዘገሊላ አለፈ፤ በማግሥቱ ጥር 13 ቀን ቡድኑ በደቡብ አፍሪካ፣ በኔልስፕሩይት ከተማ ከዛምቢያ ጋራ ገጠመ። ዛምቢያ ያን ጊዜ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። አንባቢ ይህን ቀን ልብ ይበል። በጥር 13 ቀን 1954፣ በይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነት፣ ሉቻኖ ቫሳሎ አምበል ሆኖ፣ መንግሥቱ ወርቁ አጥቂ ሆኖ፣ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለችበት ቀን ነው። በ51 ዓመቱ በዚያው ቀን ተመለሰች።

ውጊያው እንዲህ ነበረ። ከጆሃንስበርግና ከየከተማው የመጡ ስደተኞች ኢትዮጵያውያን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ለብሰው ስታዲየሙን ሞልተውታል። አስቀድሞ ኢትዮጵያ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች፤ ሳላሃዲን መታ፤ የዛምቢያው በረኛ ኬኔዲ ምዊኔ አዳነ። ጥቂት ቆይቶ በረኛችን ጀማል ጣሰው የሚሮጥ የዛምቢያ ተጫዋች ላይ ወጥቶ ጣለውና ቀይ ካርድ አየ። ሲሳይ ባንጫ ተቀይሮ ገባ፤ ቡድኑ 10 ሰው ቀረው። ከደጋፊው መካከል ተቆጥተው ወደ ሜዳ ዕቃ የወረወሩ ነበሩ፤ ይህ ነውር ነው፣ ሆኗልና ጻፍነው። እረፍት ሊሆን ሲል ኮሊንስ ምቤሱማ አገባ። በወረታ ዲሽ ባላቸው ሆቴሎች ያን ጊዜ ዝምታ ሆነ፤ ሒሳብ ከፍሎ የወጣም ነበረ። ከእረፍት የተመለሱት አሥር ሰዎች ግን የተሸነፈ ሰው አረማመድ አልነበራቸውም። ኳሱን በመሬት እየተቀባበሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሻምፒዮኑን ወደ ኋላ ገፉት። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አገባ። 1 ለ 1 አለቀ።

ሰው ሁሉ ከዚያ ዓመት በደቡብ አፍሪካ ላይ የተገኘውን የሰኔውን ድል ያስቀድማል። እኔ ግን ጥር 13ን አስቀድማለሁ። በሰኔ ያሸነፉት በቤታቸው፣ በሙሉ ሰው ነው። በጥር ፍጹም ቅጣት ምት ስተው፣ በረኛ አጥተው፣ ተቀድመው፣ በአሥር ሰው ሻምፒዮን ላይ ነው የተነሡት። የዚያ ቡድን ጠባዩ ይህ ነበረ፤ ሲቀደም ይነሣ ነበረ።

በጥር 17 ቀን ግን አልተነሣም። ቡርኪና ፋሶ አራት ለባዶ መታችው። በመጀመሪያ አላን ትራኦሬ አገባ፤ ከእረፍት በኋላ የቡርኪና በረኛ በቀይ ካርድ ወጣና እነርሱ አሥር ሆኑ። እኛ በዛምቢያ ላይ ያሳየነውን እነርሱ አብዝተው መለሱልን፤ በአሥር ሰው ሦስት ጨመሩ። በጥር 21 ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም፣ ሩስተንበርግ ላይ ናይጄሪያን ገጠሙ። እስከ 80ኛው ደቂቃ ያለ ጎል ቆሙ፤ ከዚያ ቪክቶር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች አገባ። ሲሳይ ባንጫም በቀይ ወጣ፤ መቀየሪያ አልቆ ነበርና የመሐል ተጫዋቹ አዲስ ሕንጻ የበረኛ ልብስ ለብሶ በጎሉ ሥር ቆመ። ቡድኑ በአንድ ነጥብና በአንድ ጎል ወደ አገሩ ተመለሰ። በፍጻሜው የተገናኙት እነዚሁ ናይጄሪያና ቡርኪና ነበሩ፤ ዋንጫውንም ናይጄሪያ ወሰደች። ስለዚህ ማን እንደ ደቆሳቸው ይታወቅ።

በየካቲት 21 ቀን አቡነ ማትያስ ስድስተኛው ፓትርያርክ ሆነው ተመረጡ። በመጋቢት 15 ቀን፣ በዐቢይ ጾም፣ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ቀጠለ፤ ጌታነህ ከበደ አግብቶ ቦትስዋናን 1 ለ 0 አሸነፉ። በሰኔ 1 ቀን በቦትስዋና ምድር 2 ለ 1 ደገሙ። ባለፈው ዓመት ደቡብ አፍሪካን በሜዳዋ 1 ለ 1 ይዘው፣ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 0 ረትተው ነበርና፣ ነጥባቸው 10 ደረሰ።

ሰኔ 9፣ እሑድ። ፎገራ ሩዝ ይዘራ ነበረ። ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ ገባች፤ ያሸነፈ ቡድን ምድቡን ይመራ ነበረ። በርናርድ ፓርከር አስቀድሞ ለደቡብ አፍሪካ አገባ። እንደ ልማዳቸው ተነሡ፤ ጌታነህ ከእረፍት በፊት አቻ አደረገ። በ70ኛው ደቂቃ ያው ፓርከር ኳስ አወጣለሁ ብሎ በገዛ ጎሉ በራሱ ገጭቶ አስገባ። 2 ለ 1። በወረታ የባጃጅ ጥሩምባ እስከ ሌሊት አላረፈም፤ ዘር ሲዘራ የዋለ ገበሬ በጭቃ እግሩ አስፋልት ላይ ጨፈረ።

በዚያው ዕለት ፊፋ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ሁለት ቢጫ ካርድ ያየ፣ አንድ ጨዋታ ሊቀጣ የሚገባው ተጫዋች በቦትስዋናው ግጥሚያ ተሰልፎ ነበረ። የፌዴሬሽኑ ሰዎች ጥፋቱን አመኑ። የቦትስዋናው ድል ተሻረ፤ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተጻፈላት። 13 የነበረው ነጥብ 10 ሆነ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያንገበግበኛል። ሜዳ ላይ ላብ ያፈሰሰው ተጫዋች አልበደለም፤ ካርድ የሚቆጥር ሰው ባለመቁጠሩ የአንድ አገር ደስታ በአንድ ሌሊት ተነጠቀ።

ሐምሌ ላይ በአገር ውስጥ ተጫዋቾች ዋንጫ ማጣሪያ ሩዋንዳን በመለያ ምት አልፈው ተጽናኑ። ነገር ግን የዓለም ዋንጫው መንገድ የሚቆረጠው በዓመቱ መጨረሻ ነበረ። በጳጉሜ 2 ቀን መካከለኛው አፍሪካን ገጠሙ፤ በባንጊ ብጥብጥ ነበርና ጨዋታው ብራዛቪል ሆነ። ዳግመኛ ተቀደሙ፤ ዳግመኛም ከእረፍት በኋላ ሁለት አግብተው 2 ለ 1 አሸነፉ። የተወሰደባቸውን ሦስት ነጥብ በእግራቸው መልሰው ምድቡን አንደኛ ሆነው ጨረሱ። ከአፍሪካ አሥር ቡድኖች ብቻ ከቀሩበት ዙር ገቡ። ዘመነ ማቴዎስ በሦስተኛው ቀን ተፈጸመ።

በዘመነ ማርቆስ፣ በጥቅምት 3 ቀን 2006፣ ናይጄሪያ ለዚያው ዙር አዲስ አበባ መጣች። በመጀመሪያው አጋማሽ የሳላሃዲን ኳስ መስመሩን አልፋለች ብለው ብዙዎች ጮኹ፤ ዳኛው አላጸደቁም። በ57ኛው ደቂቃ በኃይሉ አሰፋ አገባ። በዘመነ ማቴዎስ ብዙ ጊዜ ተቀድመው ይነሡ የነበሩት ሰዎች አሁን ቀደሙ፤ መቅደም ግን አልጠቀማቸውም። ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት አገባ። 2 ለ 1 ተሸነፉ። በኅዳር 7 ቀን በካላባር 2 ለ 0 ተሸንፈው የብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ደጅ ተዘጋ። በፎገራ ማጭድ ተስሎ የሩዝ አጨዳ ተጀምሮ ነበረ።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሳይደርስ አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ከሥራቸው ተነሡ። በሰኔ 7 ቀን 2007 ብሔራዊ ቡድኑ ወደ ባሕር ዳር መጥቶ በአዲሱ ስታዲየም ሌሶቶን 2 ለ 1 አሸነፈ። የወረታ ወጣት በጠዋት ሚኒባስ ሞልቶ ወረደ፤ በስክሪን ብቻ ያያቸውን ሰዎች በዓይኑ አይቶ ማታ ተመለሰ።