በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ አገራችን የት ነበረች?

በይፋት ቆላ ጨረቃ እንግዳ አይደለችም፤ የክርስቲያኑ ፋሲካም የሙስሊሙ ረመዳንም በርሷ ይቈጠራል። ከጨረቃ በኩል ምድር እንዴት እንደምትታይ ግን ሰው ያወቀው በ1958 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዓመት ነሐሴ 17 ቀን፣ በፍልሰታ ማግሥት፣ ሰው ያልተሳፈረባት የአሜሪካ መንኰራኵር ሉናር ኦርቢተር 1 ጨረቃን ስትዞር ምድርን ፎቶግራፍ አነሣች። የተላከችው ለአፖሎ ተጓዦች ማረፊያ የሚሆን ሜዳ እንድትፈልግ ነበር። ፊልሙ እዚያው በውስጧ ታጥቦ ሥዕሉ በራዲዮ ተላለፈ። ከኢስታንቡልና ከኬፕታውን ወደ ምሥራቅ ያለው ሁሉ በሌሊት ጨለማ ተሸፍኖ ነበርና ሸዋ ሮቢትን ብንፈልጋት አናገኛትም። አያቶቻችን ግን ያን ምሽት በዚያው በጨለማው በኩል ነበሩ።

ታኅሣሥ 15 ቀን 1961 ዓ.ም. የአፖሎ 8ቱ ዊልያም አንደርስ ምድርን በቀለም አነሣት። በ1965 ዓ.ም. ከአፖሎ 17 በኋላ የሰው ጉዞ ለብዙ ዘመን ቢቋረጥም፣ ዛሬ ምኞቱ ታድሷል። ቀድሞ ብዙ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ የመጡባት ህንድ ነሐሴ 17 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ያ ፎቶግራፍ በተነሣ ልክ በ57 ዓመቱ፣ ቻንድራያን 3ን በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አጠገብ አሳረፈች። አገራችንም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ምድርን የምትቃኝ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና አስወንጭፋለች።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ሒሳብና ፊዚክስ የምናጠናው፣ ነገ ከሚታዩት ብቻ ሳይሆን ከሚያዩትም ወገን እንድንሆን ነው።