ሂና እና ጥቁር ድንጋይ በገዳሪፍ መንገድ

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ወገቧ ድረስ የወረደ ፀጉር ይዛ ፀጉር ቤቴ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሱዳናዊት እንግዲህ የስድስት ዓመት ዕድሜ ጀርባዋ ላይ አለ። ጫፉ የበቀለው የሱዳን ጦር ድንበር ላይ ወዳሉት የፋሽጋ እርሻዎች ከመግባቱ በፊት ነው። መሃሉ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ የወጣው ነው፤ ሥሩ ደግሞ መተማ ዮሐንስ ከገባች ወዲህ የበቀለው። በዚያ ሁሉ ላይ ቀለም በቀለም ተደራርቧል። «ይህን አንሺልኝ» ስትለኝ መጀመሪያ የምጠይቃት ምን እንደተቀባች፣ የት እንደተቀባች፣ ከማን እንደገዛችው ነው። ሙያውን የተማርኩት በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ነውና አውቀዋለሁ፤ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አይዘልም፦ ሂና፣ ድንጋይ፣ ወይም ሁለቱ ተቀላቅለው።

ሂና ከሁሉም ይቀድማል። በሱዳን ስሙ የገነነው በዓባይ ዳር ከደመር አካባቢ የሚመጣው ነው። ቅጠሉ ደርቆ ይፈጫል፣ በውኃ ይለወሳል፣ ማህለቢያ የሚሉት መዓዛ ያለው ዘይት ጠብ ይልበታል። ሙሽራ ከሠርጓ በፊት እጅና እግሯን ትቀባለች፤ ያገባች ሴት እየቆየች ታድሰዋለች፤ ባሏ የሞተባት ትተወዋለች። ሽማግሌው ጢሙን ያቀላበታል፣ ሽበት የጀመራት ፀጉሯን ትሸፍንበታለች። እኛም ከደጋ ወደ ቆላ ስንወርድ ለነገሩ ባዕድ አልነበርንም። እናቶቻችን እንሶስላ ቆፍረው፣ ሥሩን ወቅጠው እጅና እግራቸውን ሲያቀሉ ኖረዋል። ሂናን የሚያቀላው ሎውሶን የሚባለው ንጥረ ነገር በእንሶስላ ወገን ዕፅዋትም ውስጥ ተገኝቷል። ደገኛዋና ቆለኛዋ በማይገናኙበት አገር አንድ ዓይነት ቀለም ማግኘታቸው ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ሎውሶን ኬራቲን ከሚባለው የቆዳ፣ የጥፍርና የፀጉር ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ቆዳ ራሱን ስለሚለውጥ ከእጅ ላይ በጥቂት ሳምንታት ይለቃል። ፀጉር ግን ከራስ ቅል አንዴ ከወጣ አይታደስም፤ የገባበት ቀለም አብሮት ይወርዳል።

በዚህ አካባቢ የሴቶች የመዋብ ወግ የቆየ ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. የ1861ን ክረምት ያሳለፈው በአትባራ ወንዝ ዳር፣ ሶፊ በምትባል መንደር ነበር። ሰቲት ከምንለው ከተከዜ መጋጠሚያ ብዙም አትርቅም። የዚያ አካባቢ ሴቶች ፀጉራቸውን ቀጫጭን አድርገው እንደሚጎነጉኑ፣ በስብ እንደሚያለሰልሱት፣ መሬት ቆፍረው ፍም ላይ ዕጣን፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋና ከርቤ እያጨሱ ገላቸውን እንደሚታጠኑ ጽፏል። መጽሐፉን የአደን ወሬ ሞልቶታል፤ ለእኔ ሙያ ግን ስለ ሴቶቹ የጻፋት ጥቂት ገጽ ከአንበሳውና ከዝሆኑ ሁሉ ትበልጣለች። ጭሱ ዛሬም ዱኻን እየተባለ በገዳሪፍ ግቢዎች ውስጥ አለ።

መጽሐፉ የታተመው በ1867 ነው። በዚያው ዓመት በፓሪሱ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ፀጉር እንደሚያነጣ ለሕዝብ ታየ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1863 ጀርመናዊው ኬሚስት ሆፍማን ፓራፌኒሊንዲያሚን የተባለውን ውሁድ የማቅለም ባሕርይ ገልጾ ነበር፤ በ1883 ሞኔ የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት ለፀጉር ቀለምነት የፈጠራ መብት አወጣበት። ዛሬ በካርቶን ከሚሸጠው ዘላቂ ጥቁር ቀለም አብዛኛው የዚህ ዘር ነው።

ወደ ሱዳን ገበያ ግን ይህ ውሁድ በሌላ መልክም ገባ፦ በድንጋይ መልክ። ሴቶቹ «ሐጀር» ይሉታል። ተፈጭቶ ከሂና ጋር ይለወሳል። ሂና ብቻውን ሰዓታት ይፈልጋል፣ ቀለሙም ቀይ ነው፤ ድንጋዩ ሲገባበት ቶሎ ይይዛል፣ ይጠቁራል። ሠርግ ለሚያጣድፋት ሙሽራና እንግዳ ለበዛባት ቀቢ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ የወደዱበት ምክንያት ይገባኛል። ነገር ግን በአውሮፓ ሕግ ይህ ውሁድ ፀጉር ላይ ሲውል ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ የተወሰነ ነው፤ በድንጋይ የሚሸጠውን ግን የሚለካው የለም። በቆዳ ሲሰርግ ወይም ሲዋጥ ፊትና አንገት ያብጣል፣ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ኩላሊት ይደክማል። የካርቱም ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት በዚህ ቀለም የተመረዙ 31 ሕፃናትን ዘግበዋል። 15ቱ መተንፈስ አቅቷቸው ጉሮሯቸው በቀዶ ጥገና ተከፍቷል፤ 13ቱ ሞተዋል። ይህን ቁጥር ካወቅሁ በኋላ ያንን ጥቁር ዱቄት ሕፃን በሚድህበት ቤት መደርደሪያ ላይ ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

አሁን ወደ ማንሳቱ። ሂናን ከፀጉር ጠራርጎ የሚያወጣ ነገር የለም። ገና ትኩስ ሳለ የሞቀ የሰሊጥ ዘይት አሳድሮ ማጠብ ጥቂት ያሳሳዋል፤ ሰሊጥ ደግሞ በዚህ አገር አይታጣም። ዓመታት የተደራረበውን ግን ዘይት አይነካውም። ማንጫው ዱቄት ወደ ብርቱካንማ ይመልሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ከድንጋዩና ከካርቶኑ ቀለም ጋር ነገሩ ይለያል፦ የድኝ ውሁድ ያለበት ማስለቀቂያ ቀለሙን ወደ ትናንሽ ክፍሎች ይመልሰዋል፣ ያኔ በውኃ ይወጣል። ደጋግሞ ካልታጠበ ግን አየር ሲያገኘው መልሶ ይጠቁራል። ብዙ ባለሙያ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ ካስክ ሥር ከማስገባት በፊት ውኃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ማጠብ ያስፈልጋል። በረኪና የሞከሩም ገጥመውኛል። በረኪና ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ፀጉሩንም ይበላል።

ሁለቱ ተቀላቅለው ሲሆን ከባድ ነው። ድንጋዩ ይለቃል፣ ከሥሩ የተቀመጠው ሂና ቀይ ሆኖ ብቅ ይላል። ከዚህም የሚብሰው የብረት ጨው የተጨመረበት፣ በሂና ስም የሚሸጥ ዱቄት ነው፤ ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይግላል፣ ፀጉሩን ይበጥሳል። ስለዚህ ከማበጠሪያ ላይ የቀሩ ጥቂት ዘለላዎች ሰብስቤ ፐርኦክሳይድና ጥቂት አሞኒያ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እዘፈዝፋለሁ። ከሞቀ፣ አረፋ ካወጣ ወይም ቀለሙ ወዲያው ከተለወጠ ማንጫ አልነካም።

ያኔ የሚቀረው መቀስ ነው፤ ይህን ለሱዳናዊት እናት መናገር ቀላል አይደለም። ረጅም ፀጉር በእነሱ ዘንድ ክብር ነው። ኻልቲ፣ አክስቴ፣ የምላት አንዲት እናት «ያ ቢቲ (ልጄ)፣ አገሬን ትቼ የመጣሁት አይበቃም?» አለችኝ። እሷን አልቆረጥኳትም። ሥሩ ሳይቀባ እንዲያድግ ተስማማን፤ ጫፉን በየጊዜው ሁለት ሁለት ጣት እከረክምላታለሁ፣ መሃሉን እጎነጉነዋለሁ፤ በሹሩባ ውስጥ ሁለቱ ቀለም ብዙም አይለይም። እንዲህ እየተባለ ሙሉው የራሷ ፀጉር እስኪሆን ዓመታት እንደሚወስድ ነግሬያታለሁ። ሽበቱን መሸፈን ስትፈልግ ንጹሕ የደመር ሂና እቀባታለሁ። በላስቲክ ቋጥራ ያመጣችውን ድንጋይ ግን አልቀባም ብያት፣ የልጅ ልጆቿ እጅ እንዳይገባ ሱቄ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።