የውስብስብ ሥርዓቶች ምህንድስና፦ ከሐይቅ እስከ አምባሰል

የውስብስብ ሥርዓቶች ምህንድስና ክፍሎቻቸው እርስ በርስ የሚነካኩና ጠባያቸው የሚለዋወጥ ሥርዓቶችን ለመምራት የሚሠራ ዘርፍ ነው። ድልድይ ሠሪ መሐንዲስ ሸክሙን አስልቶ፣ ንድፉን አውጥቶ፣ ግንባታውን ጨርሶ ያስረክባል። ሐይቅን ወይም ተፋሰስን ግን ጨርሶ ማስረከብ የለም።

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከሐይቅ ከተማ አጠገብ የተኛው ውሃ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ቆሮሶ ዓሣ ተጨመረበት። ዓሣው ተራባ፤ ማስገርም የብዙዎች እንጀራ ሆነ። ውሃው ግን መልኩን ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ተመራማሪዎች ነጭ ሳህን በገመድ ሲያወርዱ እስከ 9 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይታያቸው ነበር፤ ከቆሮሶው በኋላ በተደረገ ልኬት ሳህኑ ከ1 ሜትር ትንሽ አለፍ ሲል ይሰወር ጀመር። ተመራማሪዎች ከሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ ቆሮሶው አልጌ የሚመገቡትን ደቃቅ ተንሳፋፊ እንስሳት ለቀማቸው፤ በላተኛ ያጣው አልጌም ገነነ። ዓሣ ለመጨመር የወጣው ዕቅድ ተሳክቷል፤ ሐይቁን ግን በዕቅዱ ውስጥ ያሰበው አልነበረም።

በአሜሪካም የአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያውን ሙሉ በሙሉ በአዲስ ለመተካት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተጀመረው ፕሮጀክት ቢሊዮኖች ዶላር ከፈሰሰበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 ዋና ዋና ክፍሎቹ ተሰርዘዋል። ይህን ውድቀት ያጠናው ሳይንቲስት ያኔር ባር-ያም እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረበው ሐሳብ፣ የሚሠራውን ሥርዓት ሳያቆሙ ትንንሽ ለውጦችን ጎን ለጎን መሞከር፣ የሚበጀውን ማስፋት፣ የማይበጀውን መተው የሚል ነው።

የወሎ ገበሬ ይህን በኑሮው ያውቀዋል። ተመራማሪው ደሳለኝ ራህማቶ በወሎ፣ አምባሰል ስለ 1977 ዓ.ም. ረሃብ ባደረጉት ጥናት፣ ቤተሰቦች ምግብ በመቆጠብ፣ ከብት በመሸጥ፣ እርስ በርስ በመደጋገፍ፣ አንዱ መንገድ ሲዘጋ ወደ ሌላው በመዞር ሕይወታቸውን ለማትረፍ እንደታገሉ ያሳያሉ። በዚያው ዘመን በምግብ ለሥራ በወሎ ተራሮች ላይ የተሠራው እርከንና የተተከለው ደን ግን ከላይ በወረደ ዕቅድ የተመራ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው ደኑ ተመነጠረ፣ እርከኑም ፈረሰ። ጉድለቱ ከድንጋዩ ካቡ አልነበረም፤ ባለመሬቱ ገበሬ ከንድፉ ውጭ ቀርቶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የማኅበረሰብ ተፋሰስ ልማት መመሪያ ሥራውን ከ200 እስከ 500 ሄክታር በሚሆኑ ትንንሽ ተፋሰሶች ከፋፈለ፤ ዕቅዱንም ነዋሪው ራሱ ከባለሙያ ጋር እንዲያወጣ አደረገ። በየሸለቆው የሚሠራው ይለያያል፦ አንዱ ቦረቦሩን በክትር ይይዛል፣ ሌላው ተራራውን ከግጦሽ ይከልላል። ውጤቱን ለማወቅ ደግሞ ልኬት ያስፈልጋል፤ ከደሴ በስተደቡብ በሚገኘው የማይባር ጣቢያ ዝናቡን፣ ጎርፉንና የሚታጠበውን አፈር መመዝገብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው።