የምኒልክ ሲድሊና የመኪና መድን

ወደ አዲስ አበባ ቀድመው ከገቡት አውቶሞቢሎች አንዱ ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው ሲድሊ ሲሆን፣ የባቡር ሐዲድ ገና ከድሬዳዋ ባላለፈበት በዚያ ዘመን መኪናው በረሃውንና አቀበቱን አልፎ ከተማዋ መድረሱ እጅግ የሚደነቅ ነው። ሲድሊ የሚለው ስም ኋላ አርምስትሮንግ ሲድሊ በተባለው የቅንጦት መኪና ፋብሪካ በኩል እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ዘልቋል።

መድን፣ ማለትም አረቦን የሚባል ክፍያ በመክፈል የጉዳትን ወጪ ለሌላ ማስተላለፍ፣ ወደ አራዳ የመጣው ከመኪናው ጥቂት ቀድሞ ነው፤ በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን ይሰጥ ነበር።

የውድ መኪና ባለቤትን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ያሰፈረው መርህ ነው፤ በዚህም መሠረት ንብረቱ ከእውነተኛ ዋጋው ባነሰ ገንዘብ መድን ከተገባለት ባለቤቱ የጉዳቱን ተመጣጣኝ ድርሻ ራሱ ይሸከማል። ሁለት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በአንድ ሚሊዮን ተመዝግቦ ቢጋጭ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ መድን ሰጪው ከጥገናው ግማሹን ብቻ ይከፍላል፤ የመኪና ዋጋ ሲንር በቆየ ግምት ውል ማደስ ከባድ ኪሳራ የሚያስከትለውም ስለዚህ ነው።

የመድን ኩባንያዎች በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ተወርሰው፣ ዘርፉ በ1986 ዓ.ም. እንደገና ለግል ባለሀብት ተከፈተ፤ በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ማለትም መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚገባ ዋስትና፣ ለአሮጌውም ለቅንጦቱም መኪና ግዴታ ሆነ።