«የኛ ሙስሊሞች ጥሩ ናቸው»

ሰሞኑን አራት ሆነን ማኪያቶ ይዘን ስንከራከር አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት ወሬያችን ውስጥ ገቡ። (መቼም አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ የግል ወሬ የሚባል ነገር የለም።) የምንጨቃጨቀው ስለ ሃይማኖት ነበር። ሰውየው በቅን ልብ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «የኛ ሙስሊሞች እኮ ጥሩ ናቸው፤ ጨዋ ናቸው» አሉን። ከአራታችን አንዱ ሙስሊም ነው። ፈገግ ብሎ «አባቴ፣ የኛ ክርስቲያኖችም ጥሩ ናቸው» አላቸው። ሰውየው ደነገጡ። የተሰደቡ ነው የመሰላቸው።

እዚያው ሳቅን። በኋላ ስናስበው ግን ሳቁ ተወን። ዐረፍተ ነገሩ እኮ አንድ ነው። ታዲያ አንዱ ሲናገረው ምስጋና፣ ሌላው ሲናገረው ድፍረት የሚሆነው ለምንድን ነው? «ጥሩ ናቸው» ብሎ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ባለቤት ነው፤ የሚቀበል ደግሞ እንግዳ። ይሄ ነገር ከየት መጣ ብለን ወደ ኋላ መቆፈር ጀመርን። (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ያገኘነው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም.ን ነው። የየካቲት አብዮት ተቀጣጥሎ ሁሉም ጥያቄ ይዞ አደባባይ በወጣበት ሰሞን፣ የአዲስ አበባ ሙስሊሞችም ወጡ። ሰልፈኛውን ብዙዎች 100,000 ያህል ይሉታል፤ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈው ነበር። ከጥያቄዎቹ አብዛኞቹ የሚጠበቁ ናቸው፦ የሃይማኖት እኩልነት፣ የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት፣ በዓሎቻችን በሀገር ደረጃ ይከበሩ። አንዱ ግን የሰዋስው ጥያቄ ነው። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» አትበሉን፤ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» በሉን!

«የሚኖሩ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልን። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኦርቶዶክሶች» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አልሰማንም። «የሚኖር» ተከራይ ነው። ቃሏ ደግሞ ከሜዳ አልተነሳችም። «ሰማይ ዓምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» የሚል አባባል የነበረን ሰዎች ነን። አባባሉ ባዶ ስድብ ቢሆን ኖሮ በተሻለ። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት አልነበረውም፤ ስለዚህ ነጋዴና ሸማኔ ሆነ። ከዚያ በኋላ ደግሞ «እነሱ እኮ ንግድ ነው የሚወዱት» ተባለ። መሬት ከልክሎ ንግድ ትወዳላችሁ ማለት… ይቺ የጤና አይደለችም።

በንጉሡ ዘመን «ሃይማኖት የግል ነው፣ ሀገር የጋራ ነው» ይባል እንደነበር ታውቃላችሁ። ደስ የሚል አነጋገር ነው። በዚያው ዘመን የወጣውን የ1948ቱን ሕገ መንግሥት ስትከፍቱ ግን አንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆኗን፣ በመንግሥት እንደምትደገፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ምን ጊዜም ኦርቶዶክስ መሆን እንዳለባቸው ይደነግጋል። ስማቸው በጸሎት ሁሉ ይነሳ ይላል። አንቀጽ 40 ደግሞ የሌሎችን የአምልኮ ነፃነት ይፈቅድና አንድ ነገር ያስጠነቅቃል፦ ሥርዓታቸውን ለፖለቲካ እንዳያውሉት! የንጉሥ ስም በቅዳሴ መጥራት ፖለቲካ አይደለም፤ የዒድ ቀን ሥራ ይዘጋልን ማለት ግን ፖለቲካ ነው። ለፍርድ ያህል፣ ቁርኣን በአማርኛ ታትሞ የወጣውም በእኚሁ ንጉሥ ዘመን፣ በ1961 ነው። በዓሎቹ ግን ደርግ እስኪመጣ፣ እስከ 1967 ድረስ ጠበቁ።

ሌላዋ የተለመደች ክርክር «መጤ ሃይማኖት» የምትለዋ ናት። እስልምና ከዐረብ አገር መጣ፤ ልክ ነው። ክርስትናን ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ያመጣው ፍሬምናጦስስ? የጢሮስ ሰው ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን የበላይ ጳጳስም ጣሊያን የሾመውን ካልቆጠርን እስከ 1943 ድረስ ከግብፅ ነበር የሚመጣልን። ስለ ነጃሺም ስናወራ «ስደተኞቹን ሙስሊሞች ተቀብለን አስተናገድን» እንላለን፤ እውነት ነው፣ ያኮራልም። ግን ከ1,400 ዓመት በኋላም አስተናጋጁና እንግዳው ካልተለዋወጡ ነገሩ መስተንግዶ መሆኑ ቀርቷል። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከመቶ 33.9 የሚሆነው ሕዝብ ሙስሊም ነኝ ብሏል። ምን ዓይነት እንግዳ ነው ይሄ?

(አራተኛው ጓደኛችን ጴንጤ ነው። «መጤ የምትለዋን እኔን ሲሆን ሁለታችሁም ትሉኛላችሁ» አለና ዝም አሰኘን።)

አሁን ወደ ወሎ እንሂድ፤ እንቅልፍ የነሳን የወሎው ታሪክ ነውና። በ1870 አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተደረገ። የክርስቲያኖቹ የልደት ክርክር በዚያ ተቋጨ፤ የወሎ ሙስሊሞችም ክርስትና እንዲነሱ ታዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠመቁና ሚካኤል ተባሉ። ክርስትና አባታቸው አፄ ዮሐንስ ነበሩ። እምቢ ያለው ተሰደደ፤ እንደ ሼኽ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉት ደግሞ ሕዝብ አስነስተው ተዋጉ። ሚካኤል ራስ ሆኑ፣ የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ፣ አድዋ ዘመቱ፤ ኢያሱንም ወለዱ።

ከ39 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 17 ቀን 1909፣ ልጅ ኢያሱ «ሰልሟል» ተብለው ከዙፋን ወረዱ። ከሙስሊም ባላባቶች ቤት ማግባታቸው፣ ሐረርና ኦጋዴን መመላለሳቸው እንደ ማስረጃ ቀረበ። ቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ማሠራታቸውን፣ ለደብረ ሊባኖስ መስጠታቸውን ያነሳ አልነበረም። ከጀርባው ፖለቲካም ነበረበት፤ የሸዋ መኳንንት ፍርሃት አለ፣ ልጅየው ወደ ቱርክ አዘነበሉ ብለው የተቆጡ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች አሉ። ሕዝብ ፊት የቀረበው ክስ ግን ሃይማኖት ነው። አባትየው በዚያው ዓመት በጥቅምት ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ።

የሙስሊም ባላባት ልጅ ማግባት እኮ አዲስ ነገር አልነበረም። እቴጌ እሌኒ የሐድያ ሙስሊም ገዢ ልጅ ነበሩ፤ ተጠምቀው ገቡና ታላቅ የሀገር ሴት ሆኑ። ኢያሱ ሲያገቡ ክህደት ሆነ። እስከ ዛሬ ታሪክ የሚወድ ሰው ሁሉ «ኢያሱ በእርግጥ ሰልመው ነበር ወይ?» ብሎ ይከራከራል። «ሚካኤልስ በእርግጥ ከልባቸው ነበር ወይ የተጠመቁት?» ብሎ የሚከራከር ግን እምብዛም አናገኝም። የአባትየው መጠመቅ «የሀገር አንድነት» ይባላል፤ የልጅየው ሃይማኖት መለወጥ፣ ያውም ያልተረጋገጠው፣ ወንጀል።

እዚህ ላይ ስንደርስ ክርስቲያኖቹ ሁለታችን «ጊዜው ነው፤ ያኔ ሁሉም መሪ እንዲህ ነበር» አልን። ሙስሊሙ ጓደኛችን በጣም ተናደደ። ስለ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የጠየቅነውም ያኔ ነው።

እሱ «ኢማም አሕመድ» ይላቸዋል፤ እኛ «ግራኝ» እያልን ነው ያደግነው። በ1521 ሽምብራ ኩሬ ላይ ካሸነፉበት ጊዜ ጀምሮ በ1535 ወይና ደጋ ላይ እስከ ወደቁበት ድረስ የተቃጠለውን ቤተ ክርስቲያን፣ በሰይፍ ፍርሃት ሃይማኖቱን የለወጠውን ሕዝብ ቆጥረን አንዘልቀውም። ጠላት ያወራው ነው እንዳይባል ደግሞ የመካነ ሥላሴን መቃጠል የሚተርክልን የኢማሙ ወገን ዜና መዋዕል ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ነው፤ እሱም በኩራት። ጓደኛችን ይሄን ሁሉ ሰማና «ለጭቁኑ የተነሱ ጀግና ናቸው» አለ። ቃጠሎውስ? «እሱማ… ጊዜው ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ማንም ለተወሰነ ጊዜ አልተናገረም። ሒሳብ ከፍለን ወጣን።

የዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ረቂቅ ስለ መካነ ሥላሴ ምንም አልነበረውም፤ ጓደኛችንን ላለማስቀየም ዘለነው ነበር። ረቂቁን ያነበበው እሱ ራሱ ማታ ደወለና «መካነ ሥላሴን ጨምሩት፤ ቦሩ ሜዳን ግን እንዳታለሳልሱ» አለን። ሄደን ስናየው እውነቱን ነው፤ «ክርስትና እንዲነሱ ታዘዙ» የሚለው ቦታ ላይ «ክርስትናን ተቀበሉ» ብለን ነበር የጻፍነው።