የአብነት ተማሪ ጎጆ

የአብነት ተማሪ ጎጆ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ፣ ከመምህሩ ደጅ ብዙም ሳይርቅ፣ ተማሪዎች እንጨት ቆርጠውና ሣር አጭደው ራሳቸው የሚቀልሱት ማደሪያ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከመከፈቱ ከብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ፣ ለደጋው ክርስቲያን ልጅ ትምህርት ቤቱ ይኸው ነበር።

የትምህርቱ ደረጃ ሁሉ በ«ቤት» ይጠራል፦ ንባብ ቤት፣ ቅዳሴ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጽሐፍ ቤት። ቤት ሲባል ግን ግድግዳና ጣራ ማለት አይደለም። ጉባኤው ዛፍ ሥር ሊዘረጋ ይችላል፤ መምህሩ አገር ከለወጠ ተማሪው ተከትሎት ይሄዳል፣ ቅኔ ቤቱም አብሮ ይነሣል። ስለዚህ «የት ተማርህ?» የተባለ ሊቅ ከቦታው ጋር የመምህሩን ስም ይጠራል፤ መምህሩ ከማን እንደተማረም ይጨምራል። የእነዚህ ትምህርት ቤቶች መዝገብ ይህ የስም ሐረግ ነው።

ጎጆው ጠባብ ነው። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብለው ይገባሉ፤ ውስጡ የጭቃ መደብ፣ ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ አኩፋዳ። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነው ቁራሽ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ቀን ለብቻው ዱር ገብቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ ጀማሪ ከሆነ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና። ከዚያ ለመምህሩ ረዳት ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ለየኔታ ይነግራል፣ ይታረማል። ከዚህ ሁሉ ድካም በጎጆው ላይ የሚቀር ምልክት የለም፤ ሣሩን ዝናም፣ እንጨቱን ምስጥ ይጨርሰዋል።

ጎጆው ቢፈርስም የቦታው ስም ጸንቷል። ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ እያንዳንዳቸው የቅኔ ስልት መጠሪያ ሆነዋል። ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት፣ ሰለልኩላና ደብረ ዓባይ የቅዳሴ ምስክር፣ ማለትም የማስመስከሪያ ቦታ፣ ናቸው።

በ1960ዎቹ በሕዝብ መዋጮና በስዊድን ርዳታ በየገጠሩ የተሠሩት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቢያንስ ግድግዳቸው ይመሰክርላቸዋል። የአብነቱ ጎጆ የሚተርፈው ግን በተናጋሪና በጸሐፊ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በአብነት ትምህርት ያደጉ ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የቅኔ ተማሪውን በዛብህን ዋና ባለታሪክ አድርገውታል። አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ስለዚሁ ትምህርት የጻፉት መጽሐፍ በመንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ በ1970 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ታትሟል።

ከሁሉም የላቀው ሥራ ግን፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ጋር የሠሩት ነው። ሊቁ አለቃ ለማ ኃይሉ የተማሪነት ዘመናቸውን፣ መምህሮቻቸውንና የዞሩባቸውን አገሮች በአንደበታቸው ሲያወጉ ልጃቸው በቴፕ ቀዱት። ወጉ የአነጋገሩ ለዛ ሳይለወጥ በጽሑፍ ተገልብጦ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ተብሎ ታተመ። ዛሬም ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ መቅረጫና የሚያዳምጥ ሰው ነው፤ ያውም ጎጆው በቆርቆሮ ቤት ከመተካቱና በሣሩ ዘመን የተማሩት የኔታዎች ከማለፋቸው በፊት።